ጠይቁኝ፦ «አንዱን ኮድ ሃያ አራት ጊዜ ልጻፈው?»

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱን አንድ ላይ አምጥቻቸዋለሁ። ሦስቱም የተላኩት ከባሕር ዳር ነው፣ የሚጠይቁትም ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ስለ ኮድ ጀነሬተር። መብራት ሲጠፋ የሚነሳውን ሞተር ማለቴ አይደለም። ሌላ ኮድ የሚጽፍልንን ኮድ ማለቴ ነው። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ጉዳይ ሰፊ ስለሆነ አብዛኛውን ቦታ የምሰጠው ለእሷ ነው።

ጥያቄ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ግሽ ዓባይ አካባቢ ባለች ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ነው፤ አራት ነን። አሁን ጣና ላይ ለሚሠሩ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር የመመዝገቢያ ሲስተም ይዘናል። አባላት፣ ጀልባ፣ መረብ፣ የዕለት ምርት፣ ሽያጭ፣ መዋጮ እያለ 24 ቴብል (የዳታ ሠንጠረዥ) አለው። ሰርቨሩ በጃንጎ፣ የስልኩ አፕ በፍለተር ነው። ለእያንዳንዱ ቴብል 7 ቦታ ላይ ኮድ እጽፋለሁ። አንዱ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል፣ እስካሁን 5 ጨርሻለሁ። የምሠራው የአባላቱን ኮፒ ፔስት አድርጌ ስሙን በመቀየር ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ቦታ ስሙን ሳልቀይር ቀርቼ፣ የመረብ ገጽ ላይ «ሰርዝ» ሲጫን መረቡ ሳይሆን አባሉ ሲሰረዝ ተገኘ። ደግነቱ የሙከራ ዳታ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ጀነሬተር ጻፊና ተገላገይ» ይለኛል። አለቃችን ደግሞ «ጊዜ የለንም፣ ዝም ብለሽ ጨርሺ» ይላሉ። የማንን ልስማ?» (ከግሽ ዓባይ)

መልስ

እህቴ፣ ከዚያ «ሰርዝ» ከሚለው ቁልፍ ልጀምር፤ መልሱ ያለው እሱ ላይ ነው። ያ ስህተት የመጣው ስላልተጠነቀቅሽ አይደለም። 24 ቴብል በ7 ቦታ 168 ነው። ሰው አንድ ዓይነት ነገር 168 ጊዜ እየገለበጠ፣ በየአንዳንዱ ውስጥ ደግሞ ስሙን አሥር ቦታ እየቀየረ፣ አንዱን እንዳይዘል መጠበቅ የሰውን ዓይን አለማወቅ ነው። ዓይን የለመደውን ነገር አያነበውም፣ ያልፈዋል። አንቺ ገና አምስት ሠርተሽ ነው የተገኘብሽ። 19 ይቀርሻል።

ስለዚህ ልጁ ትክክል ነው። አለቃሽም ግን ከመሬት ተነስተው አይደለም የተናገሩት። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 19 ቴብል በግማሽ ግማሽ ቀን ወደ 10 የሥራ ቀን ይጠጋል። ጀነሬተር ጽፈሽ የማታውቂ ከሆነ ሦስት ወይም አራት ቀን ይወስድብሻል፣ የሚወጣውን ለማየትና ለማረም አንድ ሁለት ቀን ጨምሪበት። የምታተርፊው አራት አምስት ቀን ነው። መጥፎ አይደለም፤ ግን ይህን ብቻ ይዘሽ ብትገቢ «እሱን ስትሞክሪ ቀኑ ያልቅብናል» ቢሉሽ አልፈርድባቸውም።

ፍጥነቱን ለጊዜው ተይውና ከርክክብ በኋላ ያለውን አስቢ። ሲስተሙን ወስዳችሁ ለማኅበሩ ታሳያላችሁ። ጸሐፊው ያይና «የአያት ስም የታለ?» ይላል። እውነቱን ነው፣ እኛ አገር አንድን ስምና የአባት ስም የሚጋሩ ሦስት ሰዎች በአንድ ማኅበር ቢገኙ አይገርምም። ሰብሳቢው ደግሞ «መዝገቡን ማን እንደነካው፣ መቼ እንደነካው ይታወቅልን» ይላል። ያ ማለት ሁሉም ቴብል ላይ ሁለት ተጨማሪ ፊልድ (መሙያ ቦታ) ነው፤ በእጅ ከሆነ እንደገና 24 ቴብል፣ እንደገና 7 ቦታ፣ እንደገና ያው «ሰርዝ» ላይ የገጠመሽ ዓይነት ስህተት። ቴምፕሌት፣ ማለትም ስሙ የሚገባበት ቦታ ባዶ የተተወለት የኮድ ቅጽ፣ ካለሽ ግን አንድ ቦታ ትቀይሪና ራን ታደርጊዋለሽ። እኔ ጀነሬተርን የምወደው ለዚህ ነው። ጣትሽን ከማሳረፉ በላይ፣ የወሰንሽው ነገር የሚቀመጥበት አንድ ቦታ ይሰጥሻል። አለቃሽ ጋ ስትገቢ ይዘሽ ግቢ የምልሽም ይህንን ነው፤ «ደንበኛው ሐሳቡን ሲቀይር ስንት ቀን ይፈጅብናል?» ብለሽ ጠይቂያቸው።

አሁን ወደ ሥራው። ግን ቆዪ፣ ጀነሬተር ከመጻፍሽ በፊት ድግግሞሹ ራሱ መኖር አለበት ወይ ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ጃንጎ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ ሲለቀቅ አንዱ መርሑ «ራስህን አትድገም» የሚል ነበር። ለእያንዳንዱ ቴብል ዝርዝሩን፣ መጨመሪያውን፣ ማስተካከያውንና መሰረዣውን ለየብቻ እየጻፍሽ ከሆነ፣ በጃንጎ ሬስት ፍሬምወርክ ውስጥ ያለው ሞዴል ቪውሴት አራቱንም በጥቂት መስመር ይሸፍንልሻል። ቢሮ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ብቻ ለሚነካቸው ቴብሎች፣ ለምሳሌ ለዓሣ ዓይነት ዝርዝር፣ የጃንጎ አድሚን፣ ጃንጎ ራሱ የሚያዘጋጅልሽ የአስተዳዳሪ ገጽ፣ ይበቃል። ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ብሎ ለመመዝገብ አዲስ ገጽ አያስፈልግም። ይህን ብቻ ብታደርጊ የ24ቱ ቁጥር ራሱ የሚቀንስ ይመስለኛል።

ቀጥሎ ሌላ ሰው የጻፈልሽን ጀነሬተር ተጠቀሚ። ፍለተር የምትጽፊ ከሆነ ጄሰን ሲሪያላይዘብል የሚባለውን ሳታውቂው አትቀሪም፤ ክላሱን አንቺ ትጽፊያለሽ፣ ከጄሰን (ሰርቨሩና አፑ ዳታ ከሚለዋወጡበት የጽሑፍ መልክ) የሚቀዳውንና ወደ ጄሰን የሚመልሰውን አሰልቺ ኮድ እሱ ከስሙ ቀጥሎ «ጂ» የምትል ፊደል ባለው ሌላ ፋይል ያወጣልሻል። ከዚያም ከፍ ያለ አለ። ሰርቨርሽ የሚቀበለውንና የሚመልሰውን ሁሉ ኦፕን ኤፒአይ በሚባለው መልክ አንድ ፋይል ላይ አስፍሮ ማውጣት ይችላል፤ ኦፕን ኤፒአይ ጀነሬተር ደግሞ ያንን ፋይል አንብቦ የስልኩን ወገን ኮድ ፍለተር በሚጻፍበት ቋንቋ በዳርት ይጽፋል። ይሄ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ከሌላው በላይ ይጠቅመናል። ለምን ብትይ፣ የአማርኛ ቃል በላቲን ስንጽፍ ሁላችንም በየራሳችን ነው የምንጽፈው። አንቺ «አያት»ን በአንድ ዋይ፣ ልጁ በሁለት ዋይ ይጽፈዋል። ሰርቨሩ አንዱን ይልካል፣ አፑ ሌላውን ይጠብቃል፤ ማንም ሳይጮህ ስክሪኑ ላይ ባዶ ቦታ ይወጣል። እንዲህ ያለ ባግ (ስህተት) ፈልጎ ማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስሙ ከአንድ ቦታ የሚቀዳ ከሆነ ግን አይፈጠርም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚተርፍሽ የእናንተ ብቻ የሆነው ነው፤ የዝርዝር ስክሪን፣ የፎርም ስክሪን፣ ቴስቱ (ኮዱን የሚፈትነው ኮድ)። የራስሽን ጀነሬተር የምትጽፊው ለዚህ ነው። አያስፈራም። ሦስት ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ስለ እያንዳንዱ ቴብል የሚናገር አጭር ጽሑፍ፣ ባዶ ቦታ የተተወለት ቴምፕሌት፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ትንሽ የፓይተን ፕሮግራም። ባዶውን ለመሙላት ጂንጃ የሚባለው የፓይተን መሣሪያ ይበቃሻል። ጽሑፉ ይህን ሊመስል ይችላል፦

ነጠላ፦ መረብ
ብዙ፦ መረቦች
እሱን ሲጠሩት፦ መረቡ
ፊልዶች፦ መለያ ቁጥር፣ ባለቤት፣ የዓይን ስፋት፣ የተገዛበት ቀን

«ነጠላውን ከጻፍኩ ብዙውን ለምን እጽፋለሁ?» ትይኝ ይሆናል። የውጭዎቹ መሣሪያዎች የሚሳሳቱብን እዚህ ነው። ጃንጎ የብዙ ቁጥሩን ስም ካልነገርሽው ከነጠላው ስም ጫፍ የእንግሊዝኛውን ኤስ ይለጥፋል። «ጀልባ» ያልሽው ሞዴል አድሚን ላይ ጀልባ ከነላቲን ኤሱ ሆኖ ይወጣል፤ ዓሣ አስጋሪው ፊት የሚቀርብ ነገር አይደለም። እኛ ደግሞ መጨረሻ ላይ የምንለጥፈው አንድ ዓይነት ነገር የለንም። መረብ መረቦች ይሆናል፣ ጀልባ ጀልባዎች ይሆናል። «መረቡ ተመዝግቧል» እንላለን፣ «ጀልባው ተመዝግቧል» እንላለን፣ ሴት አባል ስትሆን ደግሞ «ተመዝግባለች» ነው። ይህን በፕሮግራም ለማስላት አትድከሚ። ጽሑፉ ላይ በእጅሽ ጻፊው፤ የ24 ቴብል ስም ነው፣ በአንድ ስኒ የዘጌ ቡና ያልቃል።

ቴምፕሌቱን ከባዶ አትጻፊው። ይህ ዋናው ምክሬ ነው። እስካሁን በእጅሽ ከጨረስሻቸው አምስቱ መካከል በጣም ጥሩ የሆነውን፣ ቴስት ያለፈውን፣ አንቺ ራስሽ የምትኮሪበትን ውሰጂ። ስሙ የገባበትን ቦታ ሁሉ ባዶ አድርጊ። ከዚያ በዚሁ ቴምፕሌት አምስቱንም መልሰሽ አውጪና የኮድ ለውጥ በሚመዘግበው በጊት ከእጅሽ ሥራ ጋር አስተያይው። ልዩነት ካሳየሽ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ቴምፕሌቱ አንድ ነገር ጎድሎታል፣ ወይ በእጅሽ ስትሠሪ የሳትሽው ነገር አለ። ያ የ«ሰርዝ» ስህተት ቢሮ ውስጥ ሰው ሳይነካው እዚህ ጋ ይያዝ ነበር። አምስቱ ሲስማሙ ብቻ ወደ 19ኙ እለፊ። አምስት በእጅ መሥራትሽ የጠፋ ጊዜ አይደለም፤ አንድም ሳትሠሪ ጀነሬተር ብትጀምሪ ኖሮ ምን እንደሚደጋገም እንኳ አታውቂም ነበር።

ጣና ዳር ለምትኖሪው ለአንቺ የእምቦጭን ነገር መንገር አያሻም። አንዷ ተክል ጎኗ ላይ ልጅ ታወጣለች፣ ልጇም እንዲሁ፣ ሳይታወቅ ባሕሩን ይሸፍነዋል። ቴምፕሌት ውስጥ ያለ ስህተትም እንዲሁ በአንድ ትእዛዝ 24 ቦታ ይበቅላል። ልዩነቱ፣ እምቦጭን ከአንድ ዳር ብትነቅይው በሌላው ይነሳል፤ የቴምፕሌት ስህተት ግን ሥሩ አንድ ነው። እሱን ካረምሽና መልሰሽ ራን ካደረግሽ 24ቱም ይጸዳሉ። ይህ እውነት የሚሆነው ግን የወጣውን ፋይል በእጅሽ ካልነካሽው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛ ስሠራ 30 ያህል ስክሪን በጀነሬተር አወጣሁ። ደንበኛው በየቀኑ ትንንሽ ማስተካከያ ይጠይቃል፤ «ይቺን ቁልፍ ወደ ላይ»፣ «ይህን ቀለም ቀይርልኝ»። እኔም የወጣውን ፋይል እየከፈትኩ በእጄ አስተካክል ነበር። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። አንድ ማታ ቴምፕሌቱ ላይ አንድ ነገር ጨምሬ ጀነሬተሩን አስነሳሁት፤ 30ውንም እንደ አዲስ ጻፋቸው። የሁለት ሳምንቱ ሥራ በጥቂት ሰከንድ ጠፋ። ኮሚትም አላደረግሁ፤ ሥራውን ጊት ላይ አላስቀመጥኩም ማለቴ ነው። አራት ሌሊት አድሬ መለስኩት፣ ሁሉንም ግን አላስታወስኩትም፤ ደንበኛው «ያስተካከላችሁት ተመልሶ ተበላሸ» እያለ ለወር ያህል ይደውል ነበር። እስከ ዛሬ ያንን ማታ ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ልማዴ ሆኗል። የወጣው ኮድ ብቻውን የሚኖርበት ፎልደር አለው፤ በእጅ የተጻፈ ነገር እዚያ አይገባም። በእያንዳንዱ የወጣ ፋይል የመጀመሪያ መስመር ላይ «ይህ ፋይል በጀነሬተር የወጣ ነው፣ አይነካ» የሚል ጽሑፍ ቴምፕሌቱ ራሱ ይጽፋል። ጎ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሰዎች ይህን ደንብ አድርገውታል፤ እዚያ እንዲህ ያለ መስመር ቁርጥ ያለ አጻጻፍ አለው፣ መሣሪያዎቻቸውም አይተው ያውቁታል። ሦስተኛው፣ አንድ ስክሪን ለየት ማለት ካለበት የወጣውን ክላስ የሚወርስ ሌላ ክላስ በራሱ ፋይል ውስጥ እጽፋለሁ። እና ሁልጊዜ ራን ከማድረጌ በፊት ኮሚት።

ሁሉንም 24ቱን ወደ ቴምፕሌቱ ለማስገባት አትታገይ። የደንገል ታንኳና ባለሞተር ጀልባ አንድ ቴብል ውስጥ ናቸው እንበል፤ ታንኳው የሞተር ቁጥር የለውም። ይሄ አንድ «ከሆነ» የምትል ቅድመ ሁኔታ ነች፣ ቴምፕሌቱ ይሸከማታል። የዕለት ምርት ግን ሌላ ነው። ዓሣው ይመዘናል፣ በዓይነቱ ዋጋ ይባዛል፣ መዋጮ ይቀነሳል፣ ቀሪው ለአባሉ ይከፈላል። ይህን በእጅሽ ጻፊው፣ ቀስ ብለሽ፣ ቴስት አብዝተሽ። የሰው እንጀራ ነው። በአጠቃላይ ቴምፕሌትሽ ውስጥ «ይህ ቴብል ከሆነ እንዲህ፣ ያ ከሆነ እንዲያ» የሚለው ነገር እየበዛ መጥቶ ማንበብ ሲያቅትሽ፣ ያን ቴብል አውጥተሽ ለብቻው ሥሪው።

ቴምፕሌቱን ስትጽፊ አንድ ጊዜ አስበሽባቸው ለሁሉም የሚደርሱ የእኛው አገር ጉዳዮች አሉ። ቀን አንዱ ነው። ፍሬምወርኮቹ የሚሰጡሽ የቀን መምረጫ 12 ወር ነው የሚያውቀው። ዓሣ አስጋሪው በጳጉሜን ያወጣውን ዓሣ የት ይመዝግበው? መዝጋቢው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስገባ፣ ዳታቤዙ በፈረንጅ ያስቀምጥ፣ መቀየሪያው አንድ ፈንክሽን ይሁንና ቴምፕሌቱ እሱን ይጥራ። ቴስቱ ውስጥ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን አስገቢ፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ካላለሽ መቀየሪያሽ ተሳስቷል። ሰዓትም እንዲሁ። «ከጠዋቱ 1 ሰዓት አረፈ» የሚል ሰው ለኮምፒውተሩ 7 ሰዓት ማለቱ ነው። ስልክ ቁጥር 09 ብቻ የሚቀበል ፎርም አትሥሪ፤ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ከገባ ወዲህ 07ም አለ። ስም ፍለጋ ላይ ደግሞ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን አንድ አድርገሽ ፈልጊ። «ፀሐይ» ብሎ የተመዘገበን አባል «ጸሀይ» ብሎ የፈለገ ጸሐፊ «አልተመዘገበም» ብሎ ድጋሚ ይመዘግባታል፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ መዋጮ ትጠየቃለች። አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ከስም ላይ የገጽ አድራሻ የሚሠራው የጃንጎ ስለጊፋይ፣ ዩኒኮድ ፍቀድ ካላልሽው የግዕዝ ፊደሎችን በሙሉ ጥሎ ባዶ ይመልስልሻል። ይህን እያንዳንዱን 24 ቦታ ማስታወስ ሰው አይችልም። ቴምፕሌት ይችላል።

ለአለቃሽ ሦስት ቀን ብቻ ጠይቂ። በሦስተኛው ቀን ማታ አምስቱ ካልተስማሙ በእጅሽ ትቀጥያለሽ፣ ቃል ግቢላቸው። ውጤቱን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ

«ለሱቆችና ለሆቴሎች የንብረትና የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራ ድርጅት አለኝ። እኔ ራሴ ኮድ አልጽፍም። ልጆቹ ጀነሬተር ለመሥራት ሁለት ሳምንት ስጠን ይሉኛል። አሁን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሁሉን በደቂቃ እየጻፈ ለምን ሁለት ሳምንት እከፍላለሁ?» (ከሽምብጥ)

መልስ

ጌታዬ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ጊትሃብ ኮፓይለት እ.ኤ.አ. በ2021 ለሙከራ ከወጣ፣ ቻትጂፒቲም በ2022 መጨረሻ ከመጣ ወዲህ የብዙ ሥራ አስኪያጆች ጥያቄ ነው።

ሁለቱ የሚሠሩት ሥራ ግን የተለያየ ነው። ልጆቹ የሚሉት ጀነሬተር ያው ጽሑፍና ያው ቴምፕሌት ከተሰጠው ዛሬም፣ ከዓመት በኋላም፣ መቶ ጊዜም ቢያስነሱት አንድ ዓይነት ኮድ ያወጣል። አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱን «የዕቃ መመዝገቢያ ፎርም ጻፍልኝ»፣ «የደንበኛ ፎርም ጻፍልኝ» እያሉ ሃያ ጊዜ ቢጠይቁት ሃያ በጥቂቱ የሚለያዩ ፎርሞች ሊሰጥዎት ይችላል። አንዱ ባዶ ዋጋ አይቀበልም፣ ሌላው ይቀበላል። ሁሉም ሲታዩ ደህና ይመስላሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ሃያውንም ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት። በደቂቃ ተጻፈ የተባለው ሥራ በንባብ ቀናት ይበላል፤ ካልተነበበ ደግሞ የሆቴሉ ሒሳብ የጎደለ ዕለት ይነበባል።

እኔ ብሆን ሁለቱን አገናኛቸዋለሁ። ልጆቹ ቴምፕሌቱን ሲጽፉ አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱ ያግዛቸው፣ እነሱ ያን አንድ ቴምፕሌት በጥንቃቄ ያንብቡ፣ የቀረውን ጀነሬተሩ ያውጣ። እንዲህ ከሆነ ሁለት ሳምንት ይበዛል፣ አንድ ሳምንት ሰጥተው ይመልከቱ። ሌላም ጥቅም አለው። ጀነሬተሩ ላፕቶፑ ላይ ነው የሚኖረው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም።

አንድ ነገር ግን አደራ እልዎታለሁ። የደንበኞችዎን ትክክለኛ ስም፣ ዕዳና የሽያጭ መጠን ማንም ቻት ላይ እንዳይለጥፍ ይከልክሉ። ለሙከራ የፈጠራ ስም ይበቃል።

ጥያቄ

«የፖሊ ተማሪ ነኝ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቴን እየሠራሁ ነው። ግማሹን ኮድ በጀነሬተር አወጣሁት። ጓደኞቼ ስንፍና ነው፣ መምህሩም አይቀበልህም ይሉኛል። እውነት ነው?»

መልስ

ወንድሜ፣ ስንፍና አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1957 ፎርትራንን ሲያወጣ ሥራው ሰው የጻፈውን ቀመር የሚመስል ነገር ወደ ማሽን ትእዛዝ መለወጥ ነበር፤ ያ ራሱ ኮድ የሚጽፍ ፕሮግራም ነው። በ1970ዎቹ ቤል ላብስ ውስጥ የተሠራው ያክ ደግሞ የቋንቋን ሰዋስው ተቀብሎ ያንን ቋንቋ የሚያነብ የሲ ኮድ ያወጣ ነበር። ሙያው ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው የሄደው።

መምህርህ የሚጠይቅህ ሌላ ነገር ነው፤ «ይሄ መስመር ምን ይሠራል?» ካለህ መመለስ አለብህ። ሪፖርትህ ላይ የትኛው ክፍል በጀነሬተር እንደወጣ፣ በየትኛው መሣሪያ፣ አንተ ምን እንደጻፍክ ለይተህ አስቀምጥ። ቴምፕሌቱን አንተ ከጻፍከው እሱንም አያይዘው፤ ከወጣው ኮድ ይልቅ እሱ ያስመሰግንሃል። ፕሮጀክትህን ለፈተና ከማቅረብህ በፊት መምህርህን ራሱን ጠይቀው፣ የጓደኞችህን ወሬ አትጠብቅ።

ፕሮጀክትህ በጃንጎ ከሆነ ደግሞ ሳታውቀው ስትጠቀምበት የኖርከው ጀነሬተር አለ። ሞዴል በቀየርክ ቁጥር ሜክማይግሬሽንስ የምትለው ትእዛዝ የፓይተን ፋይል ጽፎ ማይግሬሽንስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥልሃል። ዛሬ ማታ የመጨረሻውን ክፈትና መስመር በመስመር አንብበው። ያልገባህን ምልክት አድርግበትና ነገ ወደ መምህርህ ቢሮ ይዘኸው ሂድ።